ዲቪ ደርሷቸው ኮሌጅ ሊገቡ ላሉ የመራዊ ልጆች

ከመራዊ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የመጡ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ሠርቼ የምበላው እኔ፣ ኪራይ የምከፍለው እኔ፤ ታዲያ ፋፍሳ ላይ ስለ ወላጆቼ ገቢ ለምን እጠየቃለሁ?»

ፋፍሳ የአሜሪካ መንግሥት የኮሌጅ ድጋፍ ማመልከቻ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሙላት ይችላል። ራስን ችሎ መኖር ግን ብቻውን «ራሱን የቻለ ተማሪ» አያሰኝም። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት (በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 በፊት) የተወለደ፣ ያገባ፣ አብሮት የሚኖር ልጅ የሚያሳድግ፣ ከ13 ዓመቱ ወዲህ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት የሌሉ፣ ማስተርስ የሚማር፣ ወታደር የሆነ፤ ራሳቸውን የቻሉ የሚባሉት በዋናነት እነዚህ ናቸው። በየወሩ ለቤተሰብ ብር መላክ አይቆጠርም፤ የምትረዱት ሰው አብሯችሁ መኖር አለበት። ለዲቪ ቃለ መጠይቅ ላጤ ነኝ ብላችሁ ከመጣችሁና ከዚያ ወዲህ ካላገባችሁ ደግሞ «ያገባ» የሚለውን እንዳትነኩት፤ መዘዙ ከኮሌጅ ያልፋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ብዙ ልጅ የተቀበለውን አጎቱን እንደ አባት ያስመዘግባል። አጎት ሌት ተቀን መኪና ነድቶ ያገኘው ገቢ የወላጅ ገቢ ሆኖ ይሰላና ድጋፉ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል። በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደህ አጎትህ ወላጅህ አይደለም፤ ቤቱ ብትኖርም፣ ቢያበላህም። ወላጆችህ መራዊ ያሉት አባትና እናትህ ናቸው። የሚሞላው እነሱ በ2024 ያገኙት ነው፦ ከማሳቸው የሸጡት በቆሎ፣ በቆጋ መስኖ ያመረቱት ስንዴና ሽንኩርት፣ ወደ ዶላር ተመንዝሮ። ያ ገቢ አነስተኛ ሲሆን ድጋፉ ከፍ ይላል። በ2025–26 ከድጋፎቹ አንዱ የሆነው ፔል ግራንት በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ስለዚህ በወላጅ ስር መቆጠርን አትሽሹ።

ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ለፋፍሳ የሚሆን አካውንት መክፈት ይችላል፤ ኢሜይልና ፈቃዱን መስጠት ግን ግድ ነው። አገር ቤት ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን ይህ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ያን ጊዜ ዝም አትበሉ፤ የኮሌጃችሁን ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ሄዳችሁ አነጋግሩ። በስደት መጥቶ ወላጆቹ የት እንዳሉ የማያውቅ ደግሞ «ልዩ ሁኔታ» የሚለውን ይምረጥ፤ ቢሮው አነጋግሮትና ማስረጃውን አይቶ ራሱን የቻለ ተማሪ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

ማመልከቻው በነፃ ነው፤ ልሙላላችሁ ብሎ ብር ለሚጠይቃችሁ አትክፈሉ።