«ጉድለት አልባ» ሙዚቃ ምን ያህል ጉድለት አልባ ነው?

የሰው ጆሮ የሚሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። አንድን ሞገድ በትክክል ለመመዝገብ ከድግግሞሹ እጥፍ በላይ መለካት ስለሚያስፈልግ፣ ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት ይለካል። ለግራና ለቀኝ ስናሰላው በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት፣ ለአራት ደቂቃ ዘፈን ደግሞ 42 ሜጋባይት ያህል ይሆናል።

ኤምፒ3 ጆሮ እምብዛም የማይለያቸውን ድምፆች ጥሎ፣ በ320 ኪሎቢት ዘፈኑን ወደ 10 ሜጋባይት ያወርደዋል። ፍላክ ግን አንዳች ሳይጥል ያጥፈዋል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ቢጠጋም ሲፈታ እያንዳንዱ ቢት ይመለሳል።

ታይዳል እ.ኤ.አ. በ2014፣ አፕል ሙዚክ በ2021፣ ስፖቲፋይ በ2025 ጉድለት አልባ ስርጭት ጀምረዋል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቅጂ ከተቀበሉ፣ ጥራታቸው የሚለያይበት ምክንያት የለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ምንጩ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸውን ዘፈኖች እንውሰድ፤ ከዋናው ቴፕ የተቀዳውም ሆነ ካረጀ ሸክላ የተገለበጠው ቅጂ እኩል «ጉድለት አልባ» ሊባል ይችላል። የቆጋ መስኖ ቦይ ጠብታ ባያፈስስ እንኳ፣ ከግድቡ የገባበትን ደለል አያጠራም።

ስለዚህ ለዳታ ከመክፈላችን በፊት ሁለቱን ቅጂዎች በእኩል የድምፅ ከፍታ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ደጋግመን እናዳምጥ። ጆሯችን ካልለያቸው ገንዘባችን በኪሳችን ይቆይ።