ናኖ፦ ከግሪክ ድንክ እስከ እንጦጦ ሳተላይት

በአዲስ አበባና በሱሉልታ ሜዳ መካከል በተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ የሕዋ ምርምር ማዕከልና የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ ይገኛል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ያስመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ስለነበር ከ«ማይክሮ» ሳተላይቶች ተርታ ስትመደብ፣ በዓመቱ የተከተለቻት ግን ከ10 ኪሎ ግራም በታች በመሆኗ «ናኖ» ተብላለች።

ናኖ መነሻው ድንክ የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ከመለኪያ ስሞች ፊት እየገባ ከአንድ ቢሊዮን እጅ አንዱን ያመለክታል፤ ማይክሮም ከዚያው ቋንቋ «ትንሽ» ከሚለው ቃል ተወስዶ ከሚሊዮን እጅ አንዱን ይገልጻል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የጤፍ ፍሬ በናኖ ሜትር ስትለካ አንድ ሚሊዮን ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ፓሪስ የተሰበሰበው 11ኛው የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ ናኖን በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ ያጸደቀው ሲሆን፣ በ1964 የተጨመሩት ፌምቶና አቶ፣ ታናሽነትን የሚገልጹ ቃላት ያለቁ ይመስል፣ 15 እና 18 ከሚሉት የዴንማርክ ቁጥሮች ተወስደዋል።

በዚህ ሕግ ከተሄደ «ናኖ ሳተላይት» የአንድ ሳተላይት ቢሊዮንኛ እጅ ማለት በሆነ ነበር። የሕዋ መሐንዲሶች ግን ከ1 እስከ 10 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ናኖ፣ ከ10 እስከ 100 ያለችውን ማይክሮ ስለሚሏቸው፣ በልኬት ሥርዓቱ በሁለቱ መካከል ያለው የሺህ እጥፍ ልዩነት በእነርሱ ዘንድ ወደ አሥር እጥፍ ወርዷል፤ ቁጥሩን ትተው ወደ ጥንታዊው ድንክ ተመልሰዋል ማለት ይቻላል። አጠራሩ ለሳይንስ ልቅ ቢሆንም፣ የማምጠቂያ ወጪ በክብደት ለሚታሰብበት ሥራ ይበቃል።

ስለ ጊዜ ሲሆን ግን ልቅነት ቦታ የለውም። ብርሃንም የሬዲዮ ሞገድም በአንድ ናኖ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚጓዙ፣ በሱሉልታ የይዞታ ወሰን የሚለካ ቀያሽ የሚጠቀምበት የአቅጣጫ ሳተላይት ሰዓቱ በአንድ ናኖ ሰከንድ ቢዛባ የርቀቱ ስሌት በዚያው ያህል ይሳሳታል፤ ይህም በከተማዋ የመሬት ዋጋ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። መዛባቱ አንድ ማይክሮ ሰከንድ ደርሶ ሳይታረም ከቀረ ደግሞ ስሕተቱ ወደ 300 ሜትር ይሰፋል።