የተፈጥሮ ፎቶግራፍና ፊልም የመጠቀሚያ ፈቃድና ተገቢው ክፍያ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የሚያሳትሟቸውን ካሌንደሮች፣ ብሮሹሮችና የመልካም ምኞት መግለጫ ካርዶች ያስተዋለ ሰው የስሜን ጭላዳ ዝንጀሮን ወይም የባሌ ቀይ ቀበሮን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማግኘቱ አይቀርም። የአንሺው ስም ግን ብዙውን ጊዜ በግርጌው አይታይም። ፎቶግራፉ ከየት እንደተገኘ ሲጠየቅ “ከኢንተርኔት ነው” ወይም “አንድ ባለሙያ በፍላሽ የሰጠን ነው” የሚል ምላሽ ይሰጣል። ሁለቱም ምላሾች ተቋሙ ፎቶግራፉን የመጠቀም መብት እንዳለው አያረጋግጡም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንና የኦዲዮቪዥዋል ሥራን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይመድባል። ይሁን እንጂ ለፎቶግራፍ የተለየ ሁኔታ አስቀምጧል። ፎቶግራፉ የስብስብ አካል የሆነ፣ በመጽሐፍ የታተመ ወይም የአንሺውን አሊያም የወኪሉን ስምና አድራሻ የሚያመለክት ምልክት ያረፈበት መሆን ይኖርበታል። ምልክትን ቆርጦ መጣል የደቂቃ ሥራ በሆነበት በዚህ ዘመን ድንጋጌው ለባለሙያው ጠበብ ያለ መሆኑን መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ ሕጉ ይኸው በመሆኑ ባለሙያው ከእጁ የሚወጣ ማንኛውም ምስል ስሙንና አድራሻውን የያዘ እንዲሆን ማድረግ ይጠበቅበታል። ጥበቃው የሚቆየውም ፎቶግራፉ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ብቻ ነው።

ብዙ አለመግባባት የሚፈጠረው በትእዛዝ በተሠራና አስቀድሞ በተነሣ ፎቶግራፍ መካከል ያለው ልዩነት በውል ባለመለየቱ ነው። በአዋጁ መሠረት በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ተቀጣሪ በሥራው ሂደት ወይም ባለሙያ በትእዛዝ ያመነጨው ሥራ ባለቤትነት የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ባልደረባ በመስክ ሥራው ላይ ያነሣው ምስል የመሥሪያ ቤቱ ይሆናል። ባለሙያው በራሱ ወጪና ጊዜ ያነሣው ምስል ግን የራሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለውም ለተወሰነ አገልግሎት የሚሰጥ ፈቃድን ለማግኘት እንጂ ምስሉን ለመግዛት አይደለም። ቤት ተከራይ ኪራይ በመክፈሉ የቤቱ ባለቤት እንደማይሆን ሁሉ ፈቃድ ያገኘ ተቋምም ምስሉን ለሌላ ድርጅት አሳልፎ መስጠት አይችልም። አዋጁ ፈቃድ መስጠትም ሆነ መብትን ማስተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ስለሚጠይቅ በስልክ የተሰጠ “ተጠቀሙበት” የሚል ቃል በቂ ሆኖ አይቆጠርም።

በፓርክ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወይም ፊልም ለመቅረጽ የሚሰጥ ፈቃድም ከዚህ የተለየ ነው። ፓርኩ የሚፈቅደው ገብቶ መቅረጽን ነው። በፈቃዱ ላይ ሌላ ግዴታ ካልሠፈረ በቀር ፓርኩ በዚህ ምክንያት የምስሉ ባለቤት አይሆንም።

ወደ ክፍያው ስንመጣ “ምን ያህል ልጠይቅ?” የሚለው የባለሙያውም “ምን ያህል ልክፈል?” የሚለው የኃላፊውም ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በቅድሚያ ወጪን በማስላት ነው። ለማሳያ ያህል ብቻ የአንድ ባለሙያ የዓመት መተዳደሪያና የመሣሪያ እርጅና ወጪ 600,000 ብር ነው እንበል። በዓመቱ ውስጥ ገቢ ሊያስገኙለት የሚችሉት የሥራ ቀናት 120 ቢሆኑ የአንዱ ቀን ወጪ 5,000 ብር ይሆናል። ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የሳነቴ አምባ ብርድ ስድስት ቀን ቢያሳልፍ 30,000 ብር፣ ለመኪና፣ ለነዳጅ፣ ለስካውትና ለመግቢያ ክፍያ 40,000 ብር፣ በድምሩ 70,000 ብር ያወጣል። ከጉዞው ለገበያ የሚበቁ አሥር ምስሎች ቢያገኝ እያንዳንዱ 7,000 ብር አስወጥቶታል ማለት ነው። አንዱ ምስል ለሁለት ደንበኞች ይፈለጋል ብሎ ቢገምት ዝቅተኛው ክፍያ 3,500 ብር ይሆናል። ከዚህ በታች መቀበል ከኪስ ገንዘብ እየጨመሩ መሥራት ነው።

ይህ ስሌት ብቸኛ የመጠቀም መብት ለምን እንደሚወደድ ጭምር ያስረዳል። መሥሪያ ቤቱ “ለሌላ እንዳትሰጥ” ካለ ሁለተኛው ደንበኛ ይቀራልና መነሻው በአንድ ጊዜ 7,000 ብር ይሆናል። ከመነሻው በላይ ያለውን የሚወስነው አገልግሎቱ ነው። የሕትመቱ ብዛት፣ ምስሉ በሽፋን ላይ መውጣቱ ወይም በውስጥ ገጽ መግባቱ እንዲሁም የአገልግሎቱ ዘመን ክፍያውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉታል። ለትምህርት ቤት በራሪ ጽሑፍና ለሆቴል ማስታወቂያ ሰሌዳ እኩል መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

አንዳንድ ኃላፊዎች በዓለም ገበያ ፎቶግራፍ በጥቂት ዶላር እንደሚገኝ በመጥቀስ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተውን አይስቶክፎቶን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ዋጋን ማውረዳቸው እውነት ነው። ነገር ግን በገፍ የሚገኘው የአንበሳና የፀሐይ መጥለቂያ ምስል እንጂ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት የዋልያና የቀይ ቀበሮ ምስል አይደለም። “ሮያልቲ ፍሪ” የሚለው ቃልም በነጻ ማለት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ለየአጠቃቀሙ ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቅም ማለት ነው።

“ስምህ ይወጣልሃል” የሚለው ማባበያም ሊታረም ይገባዋል። የሥራ አመንጪነት ዕውቅና በአዋጁ የተረጋገጠ የሞራል መብት በመሆኑ ስም ማውጣት ግዴታ እንጂ ክፍያ አይደለም። አዋጁ ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ መደንገጉ ሲታሰብ ጥቂት ሺህ ብር ለማዳን ሲባል ያለ ፈቃድ ማተም የመንግሥትን ገንዘብ ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

የፊልም ክፍያ በአብዛኛው የሚሰላው በሥራ ላይ በሚውለው ሴኮንድ ሲሆን ዝቅተኛ መጠን አስቀድሞ ይቀመጥለታል። ከፊልም ላይ ተቆርጦ የወጣ አንድ ምስል በሕጉ የፊልሙ አካል ስለሆነ ለቴሌቪዥን ብቻ ፈቃድ የወሰደ ተቋም ፖስተር ሊሠራበት አይችልም።

የግዥ ባለሙያዎች ለአንድ ፎቶግራፍ ሦስት ፕሮፎርማ ሲጠይቁ ይስተዋላል። የተፈለገው ያ ምስል ከሆነና ባለመብቱ አንድ ከሆነ የዋጋ ውድድር ትርጉም አይኖረውም። የመንግሥት ግዥ ሕግ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ የሚገዛበትን ሥርዓት አስቀምጧል፤ ምክንያቱን በቃለ ጉባዔ አስፍሮ መጠቀም ይቻላል። በውሉ ላይ ደግሞ የተጠቀሰው ክፍያ ግብር ከመቀነሱ በፊት ያለ ወይም ከተቀነሰ በኋላ የሚደርስ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የፈቃዱ ዘመን ሲያበቃ ምስሉን ከድረ ገጹ የሚያነሣው የሥራ ክፍልም በዚያው ውል ቢሰየም ከዓመት በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።