ሐረጎ ላይ የሚሸተው ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ታውቁት ይሆናል። ከባድ ተሳቢ የሚጎትት መኪና እዚያ ቆሞ ሲነሳ አንዳንዴ የቃጠሎ ሽታ ያመጣል፤ ፍሪሲዮኑ ነው።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል በሰበቃ ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ ዲስክ ነው። መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ይሽከረከራል፤ ጎማው ግን ገና ቆሟል። ሁለቱ ፍጥነት እስኪያስተካክሉ ዲስኩ ይንሸራተታል። በሜዳ ላይ እንኳ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ዲስኩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል፤ ዳገት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ብዙዎች አራቱም ጎማ መነዳቱ ፍሪሲዮኑን የሚያሳርፈው ይመስላቸዋል። በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና ግን ጭነት ሲከብደው ጎማው ሊንሸራተት ይችላል፤ አራቱም መሬት ሲቆነጥጡ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ብቻ ነው። ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ፋንታ በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ መቆም ደግሞ ዲስኩን ያለ ዕድሜው ይበላዋል።

ሠፈራችሁ ጋራዥ ካለ፣ መካኒኩን አዲስና ያለቀ ዲስክ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ውፍረታቸውን ለክታችሁ አወዳድሩ፤ ዲስኩን በሚጫነው ብረት ላይም ሰማያዊ የግለት ምልክት ፈልጉ።