የሳዑዲ ሴቶች፣ ሲኒማውና መብቱ፦ ተረትና እውነታ

ጅዳና መካ የኖረ ሐበሻ ስለ ሳዑዲ ሴቶች ሲያወራ ከሁለት አንዱን ሲል ይሰማል፤ ወይ «ተዘግተው ነበር፣ መንግሥት ከፈተላቸው»፣ ወይ «አሁንማ ሁሉም ነገር ተለውጧል»። ሁለቱም ወሬዎች የጎደላቸው ነገር አለ። አምስት የተለመዱ አባባሎችን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ መኪና መንዳት ለሴቶቹ ከቤተ መንግሥት የተሰጠ ስጦታ ነው።

እውነታ፦ ንጉሥ ሰልማን ትእዛዙን ያወጡት በሴፕቴምበር 2017 ሲሆን፣ እገዳው የተነሣው ጁን 24 ቀን 2018 ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል። ኖቬምበር 6 ቀን 1990 ሪያድ ውስጥ 47 ሴቶች መኪና ነድተው ተያዙ፤ ፓስፖርታቸውን ተቀሙ፤ ከሥራ የታገዱም ነበሩ። በ2011 ደግሞ መካ ተወልዳ ጅዳ በንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው መናል አል ሸሪፍ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ ስትነዳ የተቀረጸችበትን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀች። ከሳምንት በላይ ታሰረች። እገዳው ሊነሣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሜይ 2018፣ ይህንኑ መብት ሲጠይቁ የኖሩት እነ ሉጀይን አል ሀዝሉል ታፈሱ። ሉጀይን የተፈታችው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ሌሎች ሴቶች መሪ ሲጨብጡ፣ መሪውን የጠየቁት ወኅኒ ነበሩ።

ተረት 2፦ የሴት አደባባይ መውጣት ለአገሩ ባዕድ ነው፤ ከምዕራብ የመጣ ነው።

እውነታ፦ መካን የሚያውቅ ይህን ለማለት ይቸገራል። ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ነቢዩ ሙሐመድን ከማግባቷ በፊት ለንግዷ ቀጥራ ያሠራቻቸው የመካ ነጋዴ ነበረች። ሐጃጆች ለብዙ መቶ ዓመታት የጠጡትን ውኃ ወደ መካ ያስመጣችው የዐባሲዱ ኸሊፋ የሃሩን አል ረሺድ ሚስት ዙበይዳ ናት፤ ቦዩም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። በጅዳ ዳር አል ሐናን የተባለው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1955 ተከፈተ። በ2005 ለማ አል ሱለይማንና ነሽዋ ጣሂር ለጅዳ ንግድ ምክር ቤት ቦርድ ተመረጡ። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበትና በተወዳደሩበት የ2015ቱ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ፣ በመካ ክልል መድረካ በምትባል ቦታ ሳልማ ቢንት ሒዛብ አል ኦተይቢ አሸነፈች። መዘንጋት የሌለበት ግን፣ በመላ አገሪቱ ከተመረጡት 2,100 ገደማ ሰዎች ሴቶቹ 20 ያህል ብቻ ነበሩ።

ተረት 3፦ የሳዑዲ ፊልም በ2018 ሲኒማ ቤት ሲከፈት ተወለደ።

እውነታ፦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተዘጉ በኋላ ሲኒማ ቤቶች ዳግም የተከፈቱት በኤፕሪል 2018 ሪያድ፣ በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ጅዳ ነው። ሃይፋ አል መንሱር ግን «ወጅዳ»ን በ2012 ጨርሳ ነበር። ብስክሌት ስለተመኘች ልጅ የሚተርከውን ይህን ፊልም ሪያድ ጎዳና ላይ ስትቀርጽ፣ ከወንዶች ጋር በአደባባይ መሥራት ስላልተፈቀደላት ቫን ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ መገናኛ ነበር ትእዛዝ የምትሰጠው። በ2016 ማሕሙድ ሰባግ በጅዳ የሠራው «በረካ ዩቃቢል በረካ» ወንድና ሴት ተገናኝተው የሚያወሩበት ቦታ ያጡበትን ከተማ በቀልድ ያሳያል፤ በድሮ ፎቶግራፎችም የወላጆቻቸው ዘመን ከእነሱ ይልቅ ለቀቅ ያለ እንደነበር ያስታውሳል። የጅዳዋ ሸሀድ አሚን በ2019 ባወጣችው፣ በእንግሊዝኛ ርእሱ «ስኬልስ» በተባለው ፊልም፣ መንደሯ ሴት ልጆችን ለባሕር ፍጡራን ሲገብር እምቢ ያለች ልጅን ታሪክ ተረከች። በዲሴምበር 2021 የቀይ ባሕር ፊልም ፌስቲቫል በጅዳ አሮጌ ከተማ በአል በለድ ሲጀመር፣ የሚያሳየው ሥራ ቀድሞ ነበር።

ተረት 4፦ ሲኒማው ከተከፈተ ሁሉም ታሪክ ይታያል።

እውነታ፦ የተከፈተው ገበያ ነው። በ2022 የሳዑዲ ሳንሱር «ዶክተር ስትሬንጅ» ከተሰኘው የማርቨል ፊልም አንዲት ልጅ ሁለት እናቶች እንዳሏት የምትናገርበትን 12 ሰከንድ ያህል ቁረጡ አለ፤ ዲዝኒ አልቆርጥም በማለቱ ፊልሙ ሳይታይ ቀረ። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሳዑዲ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል፤ በኢትዮጵያም የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ያስቀጣል። ስለዚህ «ያ ዓይነት ሰው በአገራችን የለም» የሚለው አባባል ማስረጃ አይሆንም። ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ የተደረገ ሰው አለመኖሩ ሳይሆን መከልከሉ ነው የሚታወቀው።

ተረት 5፦ ለውጡ ጅዳ ያለችን ሴት ሁሉ ደርሷታል።

እውነታ፦ ለሳዑዲ ሴቶችም ገና ጎዶሎ ነው። ከ2019 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላት ሴት ያለ ወንድ ፈቃድ ፓስፖርት ታወጣለች፤ የ2022ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ለጋብቻዋ ወንድ ወሊይ (አሳዳጊ) ይጠይቃል። ለሐበሻዋ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) በከፊሏ (በአሠሪ ስፖንሰሯ) እጅ ነው። የሠራተኛ ሕጉ አይሸፍናትም፤ የ2013ቱ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን 9 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣት ስለነበር፣ 15 ሰዓት ልትሠራ ትችላለች ማለት ነበር። በማርች 2021 ሥራ የመቀየርና ከአገር የመውጣት ገደብን ያላላው ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ደንቡ በወጣበት በ2013 በጀመረው አፈሳ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፣ «የሳዑዲ ሴቶች መብት አገኙ» ሲባል ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ታግሎ? የትኛዋ ሴት? ማዳሟ (አሠሪዋ) መኪና ይዛ ሲኒማ ስትሄድ ሠራተኛዋ ያለ ፈቃድ ከበር መውጣት ካልቻለች፣ መብቱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው።