ምዕራፍ 4፦ የአሮጌ ዕቃ ሦስት መንገዶች

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሥራውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙ ይማራል። ቆራሌው ከየመንደሩ የገዛው ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጎማ እዚያ ተቀጥቅጦና ተቆርጦ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ጫማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሁሉም አሮጌ ዕቃ በአንድ መንገድ አይታደስም። አንዱ እንዳለ ያገለግላል፣ ሌላው ይቆረጣል፣ ሌላው ይቀልጣል። የትኛው የትኛውን መንገድ እንደሚይዝ የሚወሰነው ደግሞ ገና ፋብሪካ ሲሠራ ነው።

እንዳለ የሚመለስ

ባለሱቁ ለስላሳ ሲሸጥልን ባዶ ጠርሙስ ይዘን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ካልያዝን ማስያዣ ይቀበላል። ጠርሙሱ ፋብሪካ ተመልሶ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ስንጥቅ እንደሌለው ይታያል፣ ከዚያ ዳግመኛ ይሞላል። አሸዋ አቅልጦ አዲስ ጠርሙስ ለመሥራት ግን ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚግል ምድጃ ያስፈልጋል። ተመላሹ ጠርሙስ ወፈር ብሎ የተሠራውም ይህን ምልልስ እንዲችል ነው።

ተቆርጦ የሚሠራ

የመኪና ጎማ እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ አዲስ ቅርጽ አይይዝም። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 እንደደረሰበት፣ ጥሬ ላስቲክ ከድኝ ጋር ሲሞቅ ረዣዥም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ጎማን ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ትስስር ነው፤ መልሶ እንዳይቀልጥ የሚያደርገውም እሱው ነው። ቢያቃጥሉት ትርፉ መርዛም ጥቁር ጭስ ነው።

በረባሶ ሠሪው በቢላዋው መፍትሔውን አግኝቷል። መሬት የሚነካውን ወፍራም ክፍል ለሶል፣ ስስና ተጣጣፊውን ለማሰሪያ ያውለዋል፤ የጎማው ጥንካሬ ሳይባክን ወደ እግር ይሻገራል። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ያቋቋመችው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ኩባንያም ይህንኑ የቆየ ሙያ በእጅ ከተሠራ ጨርቅ ጋር አዋህዶ ለዓለም ገበያ አቅርቧል። ሥራው የሚቀልለው ወይም የሚከብደው ግን እንደ ጎማው አሠራር ነው፦ ውስጡ በክር የተሠራ ጎማ ለቢላዋ ይመቻል፤ የብረት ሽቦ የበዛበት ግን ሠራተኛውን ያደክማል።

ቀልጦ የሚሠራ

አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። አሮጌውን ማቅለጥ የሚጠይቀው ጉልበት ብረቱን ከማዕድኑ አውጥቶ ለማጣራት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ታላቅ ቁጠባ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። ምንነቱ ያልታወቀ ቁርጥራጭ ተቀላቅሎ የተሠራ ድስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ኮምጣጣ ምግብ ሲበስልበትም እርሳሱ ወደ ምግቡ ይገባል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብረት ለሌላ ዕቃ ይዋል እንጂ ለማብሰያ አይሁን።

ስንገዛ ምን እንጠይቅ?

ዕቃው ቅርጹን ይዞ በቆየ መጠን የሚተርፈው ጉልበትና ሀብት ይበዛል። በወረቀት፣ በፕላስቲክና በስስ አሉሚኒየም ተደራርቦ የተጣበቀ የጭማቂ ካርቶን ግን የሠለጠነ እጅም ለያይቶ አይጠቀምበትም። ስለዚህ ስንገዛ ሦስት ጥያቄ እናንሳ፦ ይመለሳል? ይጠገናል? ክፍሎቹ ይለያያሉ? ለሦስቱም መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ሌላ አማራጭ ባለበት ቦታ ሁሉ ያንን ዕቃ መተው ይገባናል። ፋብሪካው አሠራሩን የሚለውጠው ገዢው ይህን መጠየቅ ሲጀምር ነው።