ቤት ውስጥ የሚደመጥ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለጆሮ ከጭፈራ ቤቱ ይሻላል?

በ1992 እ.ኤ.አ. ዋርፕ የተባለ የእንግሊዝ ሙዚቃ አሳታሚ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሮቦት ወንበር ላይ ተንጋሎ ይታያል፤ ሙዚቃው ከጭፈራ ይልቅ ቤት ተቀምጦ ለማድመጥ የተሠራ ነበር። ጆሮ ግን የሚለየው የሙዚቃውን ዓይነት ሳይሆን የድምፁን መጠንና የቆይታውን ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ገደብ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ጭፈራ ቤት ውስጥ 100 ዴሲቤል የተለመደ ነው፤ በዚህ መጠን የሳምንቱ ድርሻ በ20 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ስለዚህ ከስፒከሩ ይራቁ፣ የጆሮ መድፈኛ ይጠቀሙ፣ በየመሃሉም ወጣ ብለው ጆሮዎን ያሳርፉ።

ቤት ውስጥ አደጋው ኢርፎን ነው። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ስለሆነ ብቻ ብዙዎች ሳይታወቃቸው ለሰዓታት ከፍ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ታክሲ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የውጪውን ጫጫታ ለመሸፈን ይበልጥ ይጨምሩታል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ከጭፈራ በኋላ ጆሮዎ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ በማግስቱም ካልጠፋ ሐኪም ያማክሩ። አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ግን ሳያድሩ ይሂዱ።